ጎማ የጎረሰው ማብሪያ

ድምፅ የሌለው ማብሪያ ከሚጮኸው ይሻላል ይባላል። አይሻልም።

በቅርቡ ቤቴን ያደሰልኝ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አዲሱን ነጭ ማብሪያ በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ አምፖሉን ሲያበራ፣ ፊቱ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ሆነ። "እትዬ፣ ሰሙ?" አለኝ። ምንም አልሰማሁም አልኩት። "እሱን ነው የምልዎ" አለ። የሚጮኽ ማብሪያ ይኖረው እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። የሚጮኸው ርካሹ ነው፣ ሰው እየነቀለ የሚጥለው ነው አለ። የማይጮኸው ሕፃን አይቀሰቅስም፣ በሽተኛ አይረብሽም፣ ዛሬ ሰው የሚገዛው ጸጥታ ነው። አልተከራከርኩትም። ስለ ጸጥታ በጎነት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ አብዛኛውን የጻፉት ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች ናቸው። ይህ ልጅ ግን ጅማ ተወልዶ፣ እናት አባት ባሉበት ቤት አድጎ እንዲህ ማለቱ ገረመኝ። ከሄደ በኋላ ማብሪያውን ደጋግሜ ነካሁት። በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ቤቱ ምንም አላለኝም። በገዛ ቤቴ ፈራሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጅማ፣ ከመርካቶ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ለሁለቱ ክፍል ያለን አምፖል አንድ ነው። የመሀሉ ግድግዳ ከጣራው በታች ተቦርቡሮ አምፖሉ ከቀዳዳው ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ግማሽ ብርሃኑ ለሳሎኑ፣ ግማሹ ለጓዳው። ማብሪያውም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፣ በሳሎኑ በኩል። ጥቁር፣ ክብ፣ ለሁለት የተከፈለ ብርቱካን የሚያህል። ሲጫኑት "ቋ" ይላል። ግድግዳው ከበስተኋላው ባዶ ስለነበር ድምፁን እንደ ከበሮ ተቀብሎ ያጎላዋል። እናቴ ጎረቤት ተቀምጣ እንኳ አባቴ ቤት መግባቱን በዚያ ታውቅ ነበር። ክረምት ሲሆን አጠገባችን ካለው የቡና መፈልፈያ ግቢ የከረመ ገለባ እየበሰበሰ ይሸታል፤ ጭቃው ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከዚያ ቋ ይልና መሽቷል ማለት ነው። የእኔ ልጅነት አመሻሽ ከእነዚህ ነገሮች የተሠራ ነበር።

ጓዳው የእታባ ነበር። እታባ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና መጋዘን ውስጥ በለቃሚነት ሠርተው፣ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ሲያበቃ እኛ ጋ ገቡ። ጣታቸው ግን አልታወረም። አባቴ በጸሐፊነት ከሚሠራበት መጋዘን እፍኝ ሁለት እፍኝ ቡና ያመጣላቸዋል። እሳቸው ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየዳሰሱ ይለቅማሉ። ማንም አላዘዛቸውም። እጅ ሥራ ሲፈታ ሰው ይሞታል ይሉ ነበር። ዓይን ያላቸው ሴቶች የሚስቱትን ፍሬ እሳቸው ሲስቱ አላየሁም።

ልጃቸው ጌታሁን ሾፌር ነበር። ከአጋሮ ቡና ጭኖ አሰብ ወደብ ያደርሳል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት፣ የእኛ ቡና ገና በአሰብ በኩል በሚወጣበት ጊዜ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ አመሻሽ ላይ ሲመለስ፣ በሩን እንደገባ፣ ማንንም ሰላም ሳይል ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ይጫነዋል። ቋ፣ ቋ። መብራቱ ጠፍቶ ይበራል። እኛ ለቅጽበት ጨለማ ውስጥ እንገባና እናቴ "አምፖሉን አቃጥለህ ልታርፍ ነው፣ አንተ ቀውስ" ትለዋለች። ከጓዳ የእታባ ድምፅ ይመጣል። "ተዪው፣ ለእኔ ነው ያበራው።"

አንድ ሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ሁለት ሾፌሮች አባቴን መጋዘኑ ድረስ ፈልገው መጡ። የጌታሁን መኪና ከሚሌ ወዲያ ተገልብጧል። የዚያ አገር ሙቀት አስከሬን አያሳድርም፤ እዚያው ቀብረውታል። አባቴ ያን ቀን ቤት የገባው ፊቱን ታጥቦ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ለሌላው ደግሞ ማስረዳት አይቻልም። መርዶ ጊዜ አለው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። እታባ ደም ብዛት አለባቸው፣ በድንገት ከሰሙ ልባቸው ቀጥ ይላል። የጌታሁን እህት አለምነሽ ደግሞ ቦንጋ ባሏ ቤት እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ከደነገጠች ያስወርዳታል። ለእናት ነግሮ ከልጅ መደበቅ አይቻልም፤ ለቅሶ ቦንጋ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። ስለዚህ አለምነሽ በሰላም እስክትገላገል ሁሉም ዝም ይበል ተባለ። ቄሱ ተስማሙ፣ ዕድሩ ተስማማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ክርስቲያን እስላም ሳይል ተስማማ። ሰፈር በሙሉ የሚያውቀውን ነገር አንዲት ሴት ብቻ እንዳትሰማ ሰፈሩ ቃል ገባ። ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ የበለጠ ደግነት አይቼ አላውቅም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። እናቴ ከቤቱ ጀርባ ወስዳ፣ ጆሮዬን ይዛ፣ "አንዲት ቃል ካመለጠችሽ እታባ በአንቺ እጅ ይሞታሉ" አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አመንኳት።

ቃል አላመለጠንም። ያስቸገረን ማብሪያው ነው። አመሻሽ ላይ እናቴ ትጫነዋለች፤ ቋ። በመጋረጃው ክፍተት እታባን አያቸዋለሁ። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ይቆማል። ቀና ይላሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። ሁለተኛው አይመጣም። "ጌትዬ ነው?" ይላሉ። "አይ እታባ፣ እኔ ነኝ" ትላለች እናቴ። "ዘንድሮስ ቆየ" ይላሉና ወደ ቡናቸው ይመለሳሉ። እናቴ ውጭ ወጥታ የዝናብ ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜል አጠገብ ጥቂት ቆማ ትገባለች። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። አባቴ እራቱን ጥሎ መነሣት ጀመረ።

መጀመሪያ መብራቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ አዘዘ። አምፖሉ በሦስተኛው ቀን ተቃጠለ። ቀጥሎ በኩራዝ እናምሽ አለ። እታባ የጋዙ ሽታ ሸተታቸው፤ "መብራት ሄደ እንዴ?" አሉ። "ሄዷል" አለ አባቴ። "የነሙፍቲ ሬዲዮ በምን እየጮኸ ነው ታዲያ?" አሉ እታባ። ሽማግሌ ተሰብስቦ የመከረበት ምስጢር በጎረቤት ሬዲዮ ሊፈርስ ነበር።

በማግሥቱ እታባን አንዲት ጎረቤት ለቡና ጠርታ ወሰደቻቸው፤ አባቴ አባ መጫን ይዞ መጣ። አባ መጫ በሰፈራችን ሬዲዮና ካውያ የሚጠግኑ፣ የብዙውን ቤት ሽቦ የዘረጉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ዝም ለማለት ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። የማብሪያውን ክዳን በካቻቪቴ ፈቱና ውስጡን እፍ አሉት።

"ማሎ፣ እባክህ፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም" አሉ።

"አውቃለሁ። ድምፁን ብቻ ያጥፉልኝ።"

አባ መጫ ካቻቪቴውን አስቀመጡ። ነገሩ ገባቸው። "ስማኝ ልጄ። ማብሪያ ወዶ አይጮኽም። ይሄ ሞላ ምላሱን በአንድ ጊዜ ነው የሚያላቅቀው። የምትሰማው የመላቀቁን ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ ከተላቀቀ መሀሉ ላይ እሳት እየዘለለ ይበላዋል።"

"ለሁለት ወር ብቻ ነው።"

"ለሁለት ወርም ቢሆን እሳት እሳት ነው፣ ወላሂ" አሉ። ግን ሠሩት። አሮጌውን ነቅለው ከሳጥናቸው ሞላው የደከመ ሌላ ማብሪያ አወጡ። ምላሱ የሚያርፍበት ላይ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ጥፍር የምታህል ቆርጠው አጎረሱት። ግድግዳውና ማብሪያው በሚገናኙበት ላይ የአሮጌ ባርኔጣ ቁራጭ አነጠፉ። ከበስተኋላ ያለውን ባዶ ግድግዳ እናቴ ባቦካችው ጭቃ ደፈኑት። አባቴ ሲጫነው አምፖሉ በራ፤ ድምፁ ድመት ምንጣፍ ላይ ስትረግጥ የሚሰማውን ያህል ነበር። አባቴ እፎይ አለ። አባ መጫ አሮጌውን ማብሪያ ወደ ሳጥናቸው ሊጥሉት ሲሉ ስጡኝ አልኳቸው። "ለምንሽ ነው?" አሉኝ። ለጨዋታ አልኳቸው። "ጨዋታ ጥሩ ነው" ብለው ሰጡኝ።

የዚያን ቀን አመሻሽ እናቴ መብራቱን አበራች። እታባ ጓዳ ቡናቸውን ይለቅማሉ፣ ቀና አላሉም። ቆየት ብለው "ዛሬ መብራት አልመጣም?" አሉ።

"መጥቷል እታባ፣ በርቷል።"

"ማን አበራው?"

"እኔ። ማብሪያው ተበላሽቶ አባ መጫ ለወጡት።"

እታባ አንድ ፍሬ መርጠው ጣሉ። ከዚያ "ደህና ነበር እኮ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌታሁን መጣ ወይ ብለው አልጠየቁም። ቆየ አላሉም። ስሙንም አልጠሩም። አባቴ ከሳምንት በኋላ ለእናቴ "አየሽ፣ ተረጋጋች፤ ያ ድምፅ ነበር የሚረብሻት" ሲላት ሰማሁ። እራቱን መብላት ጀመረ። እኔም ማንንም ሳልገድል ክረምቱ ሊያልፍልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤታችን ግን ትንፋሹን የያዘ ሰው መሰለ። ሳናውቀው ሁላችንም በሹክሹክታ ማውራት ለምደን ነበር። አመሻሽ ላይ ከማብሪያው አካባቢ ለብ ያለ የጎማ ሽታ ይመጣል፤ ማንም አይጠቅሰውም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ፣ አባቴ ሥራ ላይ ሆኖ፣ እኔና እታባ ብቻችንን ነበርን። አሮጌውን ማብሪያ ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደግነት ነው የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ልኬ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። ቋ፣ ቋ።

የእታባ ጣቶች ሰፌዱ ላይ ቆሙ። ቀና አላሉም። ነጠላቸውንም አልነኩም። ይሞታሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡ ሲዘንብ፣ ጣታቸው ፍሬው ላይ እንደተቀመጠ፣ እኔ አፌን ከፍቼ።

"ቸኮልሽ" አሉኝ።

ማብሪያውን ከቀሚሴ ሥር ደበቅሁት።

"ጌትዬ በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል ትንሽ ይቆያል። ጫማውን እዚያ መሀል ላይ ነው የሚያወልቀው። አንቺ አስከተልሽው።" ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ድገሚው እስቲ። ቀስ ብለሽ።"

ደገምኩት። ቋ። ጠበቅኩ። ቋ። እታባ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከትተው ነክሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድም ድምፅ አልወጣቸውም። ቡናው ከሰፌዱ እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሱን መልቀም ጀመርኩ፣ ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ።

"ያውቃሉ?" አልኳቸው በመጨረሻ።

"ማብሪያውን ያፈናችሁት ቀን ነው ያወቅሁት። ደህና ነገር ማን አፍ ያሲዛል?" ዓይናቸውን በነጠላቸው አበሱ። "አባትሽ ለእኔ ብሎ ደክሟል። እኔ ካወቅሁ ማልቀስ አለብኝ። ካለቀስኩ አለምነሽ ትሰማለች። ትውለድልኝ መጀመሪያ። አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ገባሽ?"

ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እኛ ለእሳቸው እንደብቃለን፤ እሳቸው ማወቃቸውን ከእኛ ይደብቃሉ፤ ሁለቱንም ወገን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉ "አምጪው እስቲ" ይሉኛል። አመጣዋለሁ። ቋ፤ እጠብቃለሁ፤ ቋ። መሀሉን በደንብ ለመድኩት። ጫማ የማውለቅ ያህል። አንዳንድ ቀን "ግባ" ይላሉ፣ ለእኔ አይደለም። ያን ክረምት በሙሉ የሞተ ሰው እጅ ሆኜ አሳለፍኩ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጓደኞቼ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ ሲጠይቁኝ ገመድ ስዘል ነበር አልኳቸው።

አለምነሽ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል ተብሎ ክርስትና እስኪነሣ ደግሞ ተጠበቀ። የአባቴ ሁለት ወር ከሦስት አለፈ። በመጨረሻ መስከረም ውስጥ፣ አለምነሽ ልጅሽን አሳዪን ተብላ መጥታ እኛ ቤት ባደረች ማግሥት፣ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቄሱ ፊት፣ አባ መጫ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኋላ። እታባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ነጠላቸው አስቀድሞ መዘቅዘቁን ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም። ሲነገራቸው የጮኹት ጩኸት አዲስ የሰማ ሰው ጩኸት ነበር። ማስመሰል አልነበረም። ሦስት ወር አፉ ጎማ ጎርሶ የቆየ ጩኸት ነው። አባቴ አቅፏቸው፣ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ "ቀስ ብለን ስለነገርናት ነው የቻለችው" ይል ነበር። ሰዉም ራሱን ይነቀንቃል።

የለቅሶው ሰሞን ቤቱ ሰው አልተለየውም፤ መብራቱ ስንት ጊዜ በርቶ ስንት ጊዜ እንደጠፋ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ማብሪያው ጭስ ተፋና እንግዳው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ቀረ። አባ መጫ ሲከፍቱት ምላሱ ከስሎ አልቋል፤ ጎማው ቀልጦ እንደ ቅጥራን ተጣብቋል። አባቴን አሳዩት። "ይኸው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። አሮጌውን ማብሪያ አምጥቼ ሰጠኋቸው። በማታው እናቴ ስትጫነው ቋ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከጓዳ እታባ "እንዲህ ይሻላል" አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አዲስ አበባ እያለሁ፣ ለዕረፍት ቤት ስመጣ መጀመሪያ የማደርገው ያንኑ ነበር። ቋ፤ መሀሉን ጠብቄ፤ ቋ። "ገባሽ?" ይላሉ እታባ። በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻ ፈተናዬን ጨርሼ መጣሁ። አመሻሽ ነበር። እናትና አባቴ ሳሎን ተቀምጠዋል። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። ከጓዳው መልስ አልመጣም። እናቴን አየኋት። አባቴ ወለሉን እያየ ነበር።

እታባ ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። "ፈተናሽን እንዳያበላሽብሽ ብለን ነው" አሉኝ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ዛሬ የማስታውሰው አንድ የለም።

የጭቃው ቤት ፈርሷል፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ሲፈርስ ሄጄ ማብሪያውን ነቀልኩት፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያኔ መርዶ የሚያደርሱት ጎህ ሳይቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዛሬ ስልክ ያደርሰዋል፣ ፎቶ ጨምሮ። ይህን አይተው ጊዜው ተለውጧል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማውቀው ቤት ሁሉ አሁንም የሆነ ቦታ ጎማ አጉርሷል። ለእናት ያልተነገረ የሐኪም ወረቀት አለ፤ ስደት ላይ ላለ ልጅ ያልተነገረ የአባት ሞት አለ። ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል፤ ሁሉም የጎማውን ሽታ እየሸተተው እራቱን ይበላል። የዝም በሉ ምክር ሁልጊዜ ለሌላው ደኅንነት ነው ይባላል። ያን ክረምት እራቱን መብላት የጀመረው ግን አባቴ ነበር፤ እታባ አልነበሩም።

አንዳንዴ አዲሱ ነጭ ማብሪያ ቤቱን በጸጥታ አብርቶልኝ ስቀመጥ፣ አሮጌውን አንስቼ አንድ ጊዜ እጫነዋለሁ። ሁለተኛውን አልጫነውም። ማን እንደሚገባ እርግጠኛ አይደለሁም።

እናንተ ቤት ሁሉም የሚያውቀው፣ አንድ ሰው ብቻ ያልተነገረው ነገር ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና አሁን ሄዳችሁ ንገሩት።